«የማን ልጅ ነኝ?»
በጉዲፈቻ ላደገ ሰው የሕፃንነቱን እውነት ስለ መመለስ

ሰው ሁሉ የሕይወቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ ነው። የት እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳጠባው፣ ስሙን ማን እንዳወጣለት፣ በየትኛው ቀን ክርስትና እንደ ተነሣ በራሱ አያስታውስም። እናቱ ወይም አያቱ ወይም የክርስትና እናቱ ደጋግማ ስለ ነገረችው ግን ራሱ የሚያስታውሰው ያህል ይሰማዋል። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመት ዕድሜው በፊት የሆነውን እንደማያስታውስ፣ ከዚያም እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለውን በቁርጥራጭ ብቻ እንደሚያስታውስ ያስረዳሉ። እንግዲህ የእያንዳንዳችን የመጀመሪያ ዘመን በሌሎች ሰዎች ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ይገኛል ማለት ነው።

በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ግን ይህን አደራ ከሚጠብቁለት ሰዎች የተለየ ነው። ካደገ በኋላ «የማን ልጅ ነኝ? ለምንስ ተሰጠሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚገኘው በመሥሪያ ቤት ፋይል፣ በቁምስና መዝገብ፣ በጎረቤትና በዘመድ ልብ ውስጥ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከደቡብ አካባቢዎች በሕፃንነታቸው ባሕር ተሻግረው የሄዱ ልጆች ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ አንዲት ወረቀት ይዘው ወደ ትውልድ ስፍራቸው ይመለሳሉ። በከተማችን በአርባ ምንጭ እንዲህ ያለ ጠያቂ ከሲቀላ ሽቅብ ወጥቶ በሴቻ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች፣ ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ሲያንኳኳ ምን እንመልስለታለን? በአገራችን በጉዲፈቻ ልጅ የምናሳድግ ወላጆችስ ምን እንነግረዋለን? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በአገራችን ታሪክ፣ በሕግና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብርሃን ለመመልከት እንሞክራለን።

ሀ. መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

ስለ ጉዲፈቻ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወሰን ሙሴ ነው (ዘጸ. 2፥1-11)። ታሪኩን ቀስ ብለን ብናነበው የፈርዖን ልጅ ሳጥኑን ከፍታ ሕፃኑን እንዳየች ከዕብራውያን ልጆች አንዱ መሆኑን ወዲያው እንደ ተናገረች እናገኛለን። ወላጅ እናቱም ሞግዚት ሆና አጠባችው። ስለዚህ ሙሴ በቤተ መንግሥት ቢያድግም የመጣበት ወገን አልጠፋበትም፤ ባደገ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ወጥቶ መከራቸውን ተመለከተ። እግዚአብሔር ሕዝቡን ነፃ ያወጣበት መንገድ የተጀመረው አንድ የጉዲፈቻ ልጅ ከየት እንደ መጣ በማወቁ ነው።

አስቴርም ወላጆቿን አጥታ በአጎቷ ልጅ በመርዶክዮስ ቤት አደገች (አስቴር 2፥7)። መርዶክዮስ በቤተ መንግሥት ወገኗን ለማንም እንዳትናገር አዝዟት ነበር (2፥10)፤ እርሷ ግን ወገኗን ታውቅ ነበር። በዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። የቤተሰብን ምሥጢር ከባዕድ ዓይን መጠበቅና ምሥጢሩን ከባለቤቱ ከልጁ መሰወር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሌላውን ንብረት መያዝ ነው።

የአሳዳጊዎች ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ዮሴፍም ምሳሌያችን ነው። ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በቤተ መቅደስ በተገኘ ጊዜ ድንግል ማርያም «አባትህና እኔ» ስትለው እርሱ ስለ ሰማያዊ አባቱ ቤት መለሰ (ሉቃ. 2፥48-51)። ቅዱስ ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አንድም ቃል እንደ ተናገረ አልተጻፈም። ልጁም ከዚያ በኋላ ወደ ናዝሬት አብሯቸው ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። ልጅ ስለ ሌላ አባት ሲናገር ያሳደገውን አልካደም፤ ያሳደገውም በዚህ አባትነቱ አልጎደለም። «ወላጆቼን ልፈልግ» የሚለውን ጥያቄ እንደ ውለታ ቢስነት የሚቆጥር አሳዳጊ ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጆች ሆነን እንደ ተቀበልን ሲያስተምር (ሮሜ 8፥15፤ ገላ. 4፥5) ከብንያም ነገድ መወለዱን አልሸሸገም (ፊል. 3፥5)። እግዚአብሔር ልጆቹ ሲያደርገን ከየት እንደ መጣን እንድንዋሽ አልጠየቀንም።

ለ. በአገራችን የሆነው

ልጅን ተቀብሎ ማሳደግ በአገራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን በአማርኛም «ማደጎ» እና «የጡት ልጅ» የሚሉ ስያሜዎች አሉ። በሕግ ደረጃ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኋላም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥርዓት ተሠርቶለታል።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ግን ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ልጆች ቁጥር እጅግ ጨመረ። ድህነትና በኤች አይ ቪ ኤድስ ምክንያት የወላጆች ሞት አንዱ መነሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ብቻ ተወስደዋል፤ ከኢትዮጵያ ወደዚያች አገር በጉዲፈቻ የሄዱት በጠቅላላው ከ15,000 እንደሚበልጡ ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን የሚታዩትን ማመልከቻዎች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

ብዙ ልጆች በእውነት ወላጅ አልባ ነበሩ፤ በፍቅርም ያሳደጓቸው ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር ሁለት ጉዳቶች ደርሰዋል። የመጀመሪያው ያለ መግባባት ነው። በገጠር ያለ ወላጅ ልጁን ሲሰጥ በልማዱ እንደሚያውቀው «ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፣ አባቱ እኔ እንደ ሆንሁ ያውቃል» ብሎ ያስባል። ተቀባዩ አገር ሕግ ግን ልጁን ከቀድሞ ቤተሰቡ ፈጽሞ ለይቶ ለአዲሱ ቤተሰብ የሚሰጥ ነበር። ሁለቱም ወገኖች አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ የተረዱት ግን የተለያየ ነገር ነበር። ከዚህ የተነሣ በአንድ በኩል ለዓመታት ደብዳቤ ስትጠብቅ የኖረች እናት፣ በሌላ በኩል «እናቴ ጣለችኝ» ብሎ ያደገ ልጅ ተፈጠሩ።

ሁለተኛው ጉዳት ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ወላጁ በሕይወት ሳለ «ሞቷል» ተብሎ የተጻፈ፣ ዕድሜው የተቀነሰ፣ የመንደሩ ስም የተለወጠ ልጅ ነበረ። በአሜሪካ የአንድ ጉዲፈቻ አስፈጻሚ ድርጅት ኃላፊዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ተከስሰው፣ ከኢትዮጵያ ለሚወሰዱ ልጆች ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረባቸውን በፍርድ ቤት አምነዋል፤ ልጆቹ ባልኖሩባቸው ማሳደጊያዎች እንደ ኖሩ ተደርጎ የተጻፈ ውል ይገኝበት ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ያደገ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ብቸኛ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል።

ሐ. የሁለት ሰዎች ታሪክ

ይህ ፍለጋ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት በዓለም የታወቁ የሁለት ኢትዮጵያውያን ተወላጆችን ሕይወት እንመልከት።

ገጣሚው ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ለትምህርት ወደዚያ የሄደችው ኢትዮጵያዊት እናቱ ልጇን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አልሰጠችም፤ የጉዲፈቻ ወረቀትም አልፈረመችም። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ግን ሕፃኑን «ኖርማን» ብሎ ሰየመው፤ ለአንድ ቤተሰብም እንደ ልጃቸው አድርገው እንዲያሳድጉት ሰጠው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ መለሰው፤ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቱም በማሳደጊያ ተቋማት ኖረ። ከዚያ ሊወጣ ሲል የልደት ወረቀቱንና እናቱ ልጇ እንዲመለስላት በ1968 የጻፈችውን ደብዳቤ አገኘ። እውነተኛ ስሙ «ለምን» መሆኑን፣ እናቱም እንዳልጣለችው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በሃያ አንድ ዓመቱ እናቱን በጋምቢያ አገኛት። ስለ እርሱ የተጻፈውን ሙሉ ፋይል ግን ለብዙ ዓመታት ጠይቆ የተረከበው በ2015 ነው። ከዚያም በ2019 ስሙን ርእስ ያደረገ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ይህ ሰው የተቀማው እናቱን ብቻ ሳይሆን እናቱ እንደምትወደው የሚገልጸውን እውነት ጭምር ነው፤ እውነቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው የምግብ ጥበብ ባለሙያው ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። የመጀመሪያ ስሙ ካሳሁን ነበር። ገና ሕፃን ሳለ እርሱም፣ እናቱም፣ ታላቅ እህቱም በሳንባ ነቀርሳ ተያዙ። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ረጅም መንገድ በእግሯ ተጉዛ አዲስ አበባ ደረሰች፤ እርሷ በሆስፒታል ስትሞት ልጆቹ ዳኑ። ከዚያም በስዊድን ጎተንበርግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱን ሳይለያዩ ተቀብለው በፍቅር አሳደጓቸው። አባታቸው እንደ ሞተ ያምኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመታት በኋላ እህቱ ባደረገችው ፍለጋ አባታቸው በገጠር በሕይወት መኖሩ ታወቀ፤ ልጁም ሄዶ አገኘው። እናቱን የሚያስታውስበት ፎቶግራፍ እንኳ የለውም። ያሳደጉት ወላጆች መልካም ነበሩ፤ ይህም መልካምነታቸው የእናቱን ድካም የማወቅ ፍላጎቱን አላጠፋውም። መልካም ቤት የእውነት ምትክ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

«ሕፃን ስለ ነበረ ረስቶታል፤ ምን ጎደለው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ ሞንትሪያል በተደረገ ጥናት ከቻይና በሕፃንነታቸው ተወስደው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ልጆች ተመርምረው ነበር። ልጆቹ ቻይንኛ የማይችሉ ቢሆኑም የቋንቋውን የድምፅ ቅላጼ ሲሰሙ አንጎላቸው የሠራው ቻይንኛ እንደሚናገሩ ልጆች አንጎል ሆኖ ተገኘ። የተረሳው ሁሉ አልጠፋም፤ ስም አጥቶ በውስጥ ተቀምጧል። ሕፃኑ ያጣውን ነገር በቃል ሊነግረን አይችልም፤ በኋላ ሲጠይቅ ቃሉን ልንሰጠው የሚገባን እኛ ነን።

መ. ሕግና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች ሕግ የሚለይበት መልካም ነገር አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 8 የልጁ ማንነት፣ ስሙና የቤተሰብ ግንኙነቱ እንዲጠበቅለት ያዝዛል። እንግዲህ ልጅን ከትውልዱ መሰወር ፍቅርንም ሕግንም የሚያጎድል ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለው። ቀኖና 535 እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ፣ አሮጌዎቹም በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዝዛል። ቀኖና 877 ደግሞ የተጠማቂው፣ የወላጆቹ፣ የክርስትና ወላጆቹ ስምና የጥምቀቱ ስፍራና ቀን እንዲጻፍ ይጠይቃል። ስለ ጉዲፈቻ ልጅም የአሳዳጊዎቹ ስም እንዲጻፍ ያዝዛል፤ በአገሩ የመንግሥት መዝገብ የወላጆቹ ስም የሚሰፍር ከሆነ፣ የጳጳሳት ጉባኤ ያወጣው ደንብ ተጠብቆ፣ በጥምቀት መዝገቡም እንዲሰፍር ያደርጋል። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ የገጠር ልጅ የጥምቀት መዝገብ ብቸኛው የጽሑፍ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ወደ ምሥጢረ ተክሊልም ይደርሳል። በቀኖና 1091 የቅርብ የሥጋ ዘመዶች ጋብቻ የተከለከለ ነው፤ በቀኖና 1094 ደግሞ በጉዲፈቻ የተፈጠረ የቅርብ ዝምድናም ጋብቻን ይከለክላል። በጋሞ ባህል ደግሞ ከአንድ ጎሣ ሰዎች መጋባት ነውር ነው። ወገኑን የማያውቅ ወጣት እህቱን ቢያጭ ጥፋቱ የማን ነው? እውነቱን እያወቁ ዝም ያሉት ሰዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን በሌሎች አገሮች የደረሰውንም ልትማርበት ይገባል። በአየርላንድ ገዳማውያን በሚያስተዳድሯቸው የእናቶችና ሕፃናት መኖሪያዎች ስለ ተፈጸመው የተጻፈው የምርመራ ዘገባ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የአርማ ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ኢሞን ማርቲን ይቅርታ ጠይቀዋል። በ2022 በወጣ ሕግም በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች የልደት ሰነዳቸውን በሙሉ የማግኘት መብት ተረጋገጠላቸው። ብዙዎች ግን ይህን መብት ያገኙት ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ይህ እንዳይደርስብን አስቀድመን መሥራት ይሻለናል።

ሠ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የውጭው በር ከተዘጋ ወዲህ ወላጅ ያጡ ልጆችን የመቀበል ኃላፊነት በእኛው ቤተሰቦች ላይ ወድቋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት «የፍቅር ደስታ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክር ጉዲፈቻን ወላጅ የመሆን እጅግ ለጋስ መንገድ መሆኑን አስተምረዋል። ለጋስነቱም ሙሉ የሚሆነው እውነት ሲጨመርበት ነው።

ለአሳዳጊ ወላጆች። ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ፣ እንደ ተረት በቀላል ቃል «ከሌላ እናት ተወልደህ እግዚአብሔር ለእኛ ሰጠን» ሲባል ያደገ ልጅ ነገሩ ድንገተኛ አይሆንበትም። ካልነገራችሁት ግን ጎረቤት በጠብ ቀን፣ የሰፈር ልጆች በጨዋታ ላይ፣ ወይም ዘመድ በውርስ ክርክር ይነግረዋል። ያን ጊዜ የሚያጣው ወላጆቹን ብቻ አይደለም፤ በእናንተ ላይ ያለውን እምነትም ያጣል። የመጀመሪያ ስሙን፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ ያመጣውን ልብስ፣ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ።

ለቁምስናዎች። መዝገብ ለሚጠይቅ ሰው «የለም» ከማለታችን በፊት በሚገባ እንፈልግ። የውጭ ሰነድ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጻፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ዕድሜውም የተለወጠ ሊሆን ስለሚችል ከፊትና ከኋላ ጥቂት ዓመታት እንይ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ሲነበብ ይዛባልና ድምፁን እየለዋወጥን እንሞክር። የልጁ ስም ካልተገኘ በአባትና በአያት ስም፣ አለበለዚያም በክርስትና ወላጆች ስም እንፈልግ። የስፍራ ስምም ተለዋውጧል፤ ዛሬ ጋሞ ዞን የምንለው ስፍራ በቆዩ ወረቀቶች ላይ «ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር»፣ «ሰሜን ኦሞ ዞን» ወይም «ጋሞ ጎፋ ዞን» ተብሎ ይገኛል። ይህን የማያውቅ እንግዳ አገሩ ላይ ቆሞ አገሩን ሊያጣው ይችላል።

ለዘመድና ለጎረቤት። በጋሞ አባቶቻችን ዘንድ «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ፤ የተሰወረ በደል ቤትን ያውካል፣ በሽማግሌዎች ፊት ሲገለጥ ግን ሰላም ይመለሳል ይላሉ። ልጅን በሐሰት ቃል የሰጠ ወይም ያሰጠ ሰው ካለ ከመሞቱ በፊት ይናገር። ይሁን እንጂ እውነት ሁሉ በዱቡሻ መካከል አይነገርም። ልጅ መውለዷን ለባሏና ለልጆቿ ያልተናገረች እናት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ጠያቂው ከመገናኘቱ በፊት ታማኝ ሽማግሌ ወይም ካህን ብቻዋን አግኝቷት ፈቃዷን ይጠይቅ፤ ጊዜም ይስጣት። በኑዛዜ የተሰማ ነገር ግን በምንም ምክንያት አይገለጥም።

ለጠያቂው ራሱ። ጥያቄህ ኃጢአት አይደለም፤ ያሳደጉህንም መበደል አይደለም። በመንገድህ ላይ ግን ገንዘብ እየተቀበሉ ሐሰተኛ ዘመድ የሚያገናኙ ደላሎች ሊያጋጥሙህ ስለሚችሉ ዝምድናው በዘር ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ አትቸኩል። የምታገኘው እውነት የጠበቅኸው ላይሆን ይችላል፤ መቃብር ልታገኝ ትችላለህ፤ ድህነት ልታገኝ ትችላለህ፤ ልታይህ የማትፈልግ እናትም ልትኖር ትችላለች። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚያስተምረን (ኢሳ. 49፥15) እናት ብትረሳ እንኳ የማይረሳ አምላክ አለህ፤ በእርሱም ዘንድ ስምህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የፈርዖን ልጅና ቅዱስ ዮሴፍ ያሳደጉትን ልጅ የተቀበሉበት መንገድ ለዛሬ አሳዳጊዎች ምን ያስተምራል?
2. በቤተሰባችን ወይም በሰፈራችን በጉዲፈቻ ስለሚያድግ ልጅ የምንናገረውና የምንሸሽገው ነገር ምንድን ነው? ከባዕድ መጠበቅንና ከልጁ መሰወርን እንለያለን?
3. የቁምስናችን አሮጌ የጥምቀት መዝገቦች በምን ሁኔታ ይገኛሉ? ከምስጥና ከእርጥበት ለመጠበቅ፣ ግልባጭም ለማስቀመጥ ምን ማድረግ እንችላለን?
4. አንድ እንግዳ ወላጆቹን እየፈለገ ቢመጣ ከእኛ መካከል ማን ይቀበለዋል? ወደ ማንስ ይወስደዋል?

እውነት አርነት እንደሚያወጣ ጌታችን አስተምሮናል (ዮሐ. 8፥32)። በእጃችን ያለችው የአንድ ሰው ስም፣ የአንዲት እናት ደብዳቤ ወይም የአንድ መዝገብ መስመር ለእኛ ትንሽ ነገር ልትመስለን ትችላለች፤ ለሚፈልጋት ሰው ግን የሕይወቱ የመጀመሪያ ገጽ ናትና በእጃችን ተሸሽጋ እንዳትቀር ለባለቤቷ እንመልስ። የአሳዳጊዎች ጠባቂ ቅዱስ ዮሴፍ በአማላጅነቱ ይርዳን። አሜን።